ከመጋረጃ ኋላ የቀረች ቅሪት

ግቢ፣ ግቢ ሙልዬ! ምነው በር ላይ ቆመሽ ቀረሽ? እኔ ቤት ለመግባት ማን ፈቃድ ይጠይቃል? የጎረቤት ዶሮ እንኳ ዘው ብላ ነው የምትገባው። ያንን ጨርቅ ወዲያ ገፋ አድርጊና ተቀመጪ። የበሩን መጋረጃ ተዪው፣ እንደወረደ ይሁን፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ዛሬ ለጉድ ነው። እንዴት ዋልሽ? ልጅቷስ፣ ሳሉ ተሻላት? ጳውሎስ ሆስፒታል ወስደሻት ነበር አሉ... ሽሮፕ ሰጧት? እሰይ፣ አላህ ይማራት። ሳሏ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ድምፅ ያላት ልጅ ናት፣ መቼም ዘር ከልጓም... ማለቴ፣ እናንተ ቤት ድምፅ ጠፍቶ አያውቅም ለማለት ነው።

ይሄ ምንድነው ደግሞ? ስኳር? ለኔ? ወይ ሙልዬ! እኔ የቀበሌው ሱቅ ደጅ ቆሜ ቆሜ፣ ወረፋዬ ሲደርስ «አለቀ» የሚለኝ ሰውዬ፣ ለእናንተ ሲሆን በጓሮ በኩል ያወጣዋል ማለት ነው? እሰይ! ታላቅ ሰው ያለበት ቤት እንዲህ ነው። ለጎረቤትም ይተርፋል። እኔ ልብስ ሰፊዋ ዘኪያ የእናንተ ጎረቤት ባልሆን ኖሮ ሻዬን እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ስጠጣ ነበር የምኖረው።

ታዲያ ስኳር ይዘሽ የመጣሽው እንዲያው ናፍቄሽ ነው? ቆይ፣ አትንገሪኝ። የነገው ጉዳይ ነው፣ አይደል? ነገ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከመላው ከተማ ጋር ሊወዳደር ነው። ጎበዝ የተባለው ተዋናይ ትልቁ ቲያትር ቤት በደመወዝ ይቀጠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። እና እኔ ነገ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እንደ ድሮው ቃል ላቀብል? ይህንን ነው የምትለምኚኝ? እሺ... መልሱን ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ አንድ ወሬ ላጫውትሽ። ስለ ሌሎች ሰዎች ነው። ባልሽን አይመለከትም። ባልሽ ምን በወጣው!

አንዲት ሴትዮ ነበረች። የት ሰፈር ናት እንዳትዪኝ፣ ጉለሌ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከጉለሌ ልብስ ሰፊ መቼ ጠፋ? ስሟን አልነግርሽም፤ የሚጠራውም የለም። አጠር ያለች፣ ወፈር ያለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል... ምን ታይኛለሽ? በዚህ አገር መነጽር ያደረገ ሁሉ እኔ ነኝ?

ቂልነቷ ለወሬ አይመችም። ቀበሌዋ ኪነት ሲያቋቁም፣ አርፋ ልብሷን በመስፋት ፈንታ «እኔም ጥበብ አለኝ» ብላ ሄደች። ለዘፈን ሞከሯት፤ ድምፅ የለም። ለውዝዋዜ ሞከሯት፤ ትከሻዋ አልታዘዝ አለ። ለድራማ ሲሞክሯት «ጠላት መጣ! ብለሽ ጩኺ» ቢሏት ጮኸችና ራሷ ደንግጣ እየሮጠች ወጣች። ሊቀመንበሩ አዘኑላት። «አንቺ ማንበብ ትችያለሽ፤ ከመጋረጃው ኋላ ቆመሽ ለሚረሳ ሰው ቃል አቀብዪ» አሏት። ሹመት መሰላት! ቤቷ በርራ ሄዳ ለእናቷ «ቃል አቀባይ ሆንኩ» ብትላት፣ አሮጊቷ ከመንግሥት በኩል መስሏት እልልታዋን አቀለጠችው። ሴትዮዋም አላረመቻትም። ጉራ የወንድ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?

ለማን ነበር የምታቀብለው? ለአንድ ታላቅ ሰው። አቤት ሰውየው! ከየት እንደምጀምርልሽ ነው የቸገረኝ። ድምፁን ተዪው፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ የሚያጨበጭብ አለ። አረማመዱ ደግሞ... ውኃ ሊቀዳ ወደ ቦኖ ሲሄድ የምታይው ሰልፍ የሚመራ ነው የሚመስልሽ። ድርሰቱን አያጠናም። «ጥናት ለጀማሪ ነው» ይላል። እውነቱን እኮ ነው! እንደሱ ያለ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስቀምጠው ለትልቅ ሐሳብ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተነካም፣ አዲስ ነው።

ሴትዮዋ ሹክ ትላለች፣ እሱ ያንጎደጉዳል። እንዲህ ነበር ኑሯቸው። እሷ «ወገኖቼ» ብላ ስትተነፍስ እሱ «ወገኖቼ!» ሲል ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ጉንፋን ይዟት «ወገኖቼ... እህህ» ብትለው፣ እሱም «ወገኖቼ! እህህ!» አለ። ሰዉ አለቀሰ፣ ወላሂ! የጭቁኑ ሳል አንጀት በላ ተባለ። ሳሉ የማን ነበር? ተዪው፣ ምን ያደርግልሻል።

ለኪነቱ የሚደርሰው መምህር አድነው አንድ ድራማ ጻፈ። ጭሰኛው ባላባቱን ፊት ለፊት የሚጋፈጥበት። ጭሰኛውን ማን ይሁን? ሌላ ማን ይሆናል! ጭሰኛ ደግሞ ቁምጣ ነው የሚታጠቀው አይደል? ሰውየው ግን «የአርቲስት እግር ለሁሉም አይታይም» አለ። እኔ እግሩን አይቻለሁ አላልኩም፤ ቀጭን ነው ሲሉ ነው የሰማሁት። ስለዚህ ሱሪ ይሰፋለት ተባለ። ሴትዮዋ ሜትሯን ይዛ ወገቡን ልትለካ ጠጋ ስትል አየር ሳበ። ደረቱን ነፋ፣ ሆዱን ነፋ፣ ወዲያው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አከለ። «በዚህ ልክ ስፊው፤ እኔ እያደግኩ የምሄድ ሰው ነኝ» አላት። ያቺ ቂልም በተነፋው ልክ ሰፋችው። ሰው ተነፍቶ እንደማይቀር፣ አንድ ቀን መተንፈሱ እንደማይቀር ያላሰበች ልብስ ሰፊ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የድራማው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ካድሬው ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ባላባቱን የሆነው ኡርጌሳ ነው፣ ያ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚለጥፈው፤ የተፈሪ ሱሪ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ሆዱን አስቀድሞ ቆሟል። ታላቁ ሰው ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረና... ጠፋበት። ምን ነበር የሚለው? እንኳን እሱ መምህር አድነውም ሳይረሳው አልቀረም። ሴትዮዋ ወረቀቷ ላይ ተርበትብታ ቃሉን አገኘችው። ላቀብለው ብላ ቀና ስትል ምን ታያለች? ሱሪው! ሰውየው ደንግጦ ትንፋሹ ወጥቷላ! ያ የተነፋው ሁሉ ሟሽሾ ሱሪው ከወገቡ ቁልቁል ጉዞ ጀምሯል። ጋቢው ስለሸፈነው ከፊት ያለው ሰው አያይም፤ ከኋላ ያለችው ግን ሁሉንም ታያለች። እሷ ምን ታድርግ? ድርሰቱን ረሳችና «ሱሪህ! ሱሪህ ሊወልቅ ነው!» አለችው።

እሱስ? እሷ ያለችውን ሳይል ቀርቶ ያውቃል? ጣቱን ኡርጌሳ ላይ እንደቀሰረ «ሱሪህ! ሱሪህ ሊወልቅ ነው!» ብሎ አንባረቀበት።

ምስኪኑ ኡርጌሳ ደግሞ እውነት መስሎት ከዘራውን ወረወረና ሱሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ! በቃ! ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ሕዝቡ ተነሣ። ካድሬው ተነሣ። «ይውለቅ! ይውለቅ!» የሚለው ጩኸት እንጦጦ ማርያም ሳይሰማ አልቀረም። ዓይን ሁሉ የባላባቱ ሱሪ ላይ ሲያፈጥ፣ ታላቁ ሰው ቀስ ብሎ በጋቢው ሥር የራሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ማንም አላየውም። ማለቴ... ሰው የሚባል አላየውም።

ያቺ ጅልስ መጋረጃው ኋላ ምን ስታደርግ ነበር መሰለሽ? እጅ ትነሳለች! ሰዉ ሲያጨበጭብ ለሷ መስሏት ጎንበስ ቀና ስትል ግንባሯን እዚያ ከቆመው መሰላል ጋር አጋጨችው። በማግስቱ ግንባሯ አብጦ፣ አገጯን ወደ ሰማይ ሰቅላ በሰፈሩ ስታልፍ የሚያያት ሁሉ «አንገትሽን አሞሽ ነው?» ይላት ነበር። አንገቷን አይደለም ያመማት። ኩራት ነው! አንዲት የሷ ቃል ከተማውን ስትዞር እየሰማች እንዴት አትኮራ? ሕፃናቱ በየመንገዱ፣ ወያላው የታክሲ በር ላይ፣ ስብሰባው ሳይቀር «ሱሪህ ሊወልቅ ነው!» ሆነ። ባላባት ነው የተባለ ሰው ሁሉ ቀበቶ አጠበቀ።

ከዚያ ጋዜጠኛው መጣ። በጂፕ፣ ካሜራ አንግቶ። «ጓድ፣ ይህን ድንቅ አባባል ከየት አገኙት?» አለው። ሴትዮዋ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። አሁን ይላል ብላ ጠበቀች። ነጠላዋን እንኳ አስተካክላለች፣ ፎቶ ቢያነሷት ብላ! ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና «ሸጎሌ ከብት ገበያ ወርጄ፣ ከጭቁኑ ገበሬ ጋር ከበሬዎቹ መሀል እየዋልኩ፣ ወራት ሙሉ አሰላስዬ የወለድኩት ቃል ነው» አለ። ግሩም ነው፣ አይደል? በሬ ሲመጣ ሚስቱን ከፊት አስቀድሞ ከግንብ ጋር የሚለጠፍ ሰው ለሕዝብ ብሎ ወራት ሙሉ ከበሬ መሀል! እኔ እኮ እንባዬ ነው የመጣው።

ጋዜጠኛው ልጅ ደግሞ አያርፍም፤ «ከመጋረጃው ኋላ ቃል የሚያቀብል ሰው ይኖራችኋል?» ብሎ ጠየቀው። የዚህን ጊዜ የሴትዮዋ ልብ ምን እንደሆነች አልነግርሽም። ታላቁ ሰውም «ከመጋረጃ ኋላ ቆሞ ቃል ማቀበል የፊውዳሉ ሥርዓት ቅሪት ነው። እኛ ዘንድ ኖሮ አያውቅም። እኔ ቃሌን የምቀበለው በቀጥታ ከሰፊው ሕዝብ ነው» አለ። «ሰፊው» ሲል እሷ ለአፍታ ደስ ብሏት ነበር አሉ። ሰፊ እሷ አይደለች? ልብስ ሰፊ! እንዲህ ያለች ቂል ናት ስልሽ።

ጋዜጣው ሲወጣ ፎቶው ግማሽ ገጽ ነበር። ሰውየው አገጩን ሰቅሎ፣ ሩቅ እያየ። ከጀርባው ከመጋረጃው ጫፍ ጣቶች ብቅ ብለው ይታያሉ። ሴትዮዋ ጋዜጣውን ይዛ ለደንበኛ ሁሉ «እነዚህ የኔ ጣቶች ናቸው» ስትል ሰነበተች። አንዷ ደንበኛ መነጽሯን አስተካክላ አየችና «ኧረ የልብስ መቆንጠጫ ነው» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣውን ለማንም አላሳየችም።

ሳቂ፣ ምን ችግር አለ! ገና ዋናው አለ። ጋዜጣው በውይይት ክበብ ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው፣ ሥራውን በእጃቸው የሰጧት ሰውዬ፣ ካድሬው ፊት መሆኑን አይተው «ቃል አቀባይ ነበረን እንዴ?» አሉ፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ካድሬው ተነሥቶ «የፊውዳል ቅሪቶች ይወገዱ!» ሲል ሴትዮዋም ከሰው ላለመቅረት ግራ እጇን ጨብጣ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ «ይወገዱ!» አለች። ማንን እንደሆነ የገባት እጇን ካወረደች በኋላ ነው። ዕድሜ ልኳን ድምፅ የለሽም ስትባል የኖረች ሴትዮ፣ ድምፅ የወጣላት ራሷን ለማስወገድ ሆነ! ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። አዎ፣ ሙልዬ፣ አልቅሳለች። ተቀይማ ነው። ቅሪትም ልብ አላት።

በማግስቱ ወደ ልምምድ አልሄደችም። የተወገደ ሰው ልምምድ ላይ ምን ይሠራል? ታላቁ ሰውም ያለሷ መድረክ ላይ ወጣ። ወጣና... ዝም አለ አሉ። አንዳንድ ምቀኛ «ረሳ» ይላል። ውሸት! ምን ሊረሳ፣ መቼ ያዘና? ቃሉን ከሰፊው ሕዝብ እየጠበቀ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ዘገየበት እንጂ እሱ ምን አጠፋ?

ምን አልሽ? «ለአብዮታዊ ኪነታችን ዕድገት ሲባል»? ውይ ሙልዬ! ይህን ከየት አመጣሽው? አንቺ እኮ እንዲህ አትናገሪም። አንቺ «እባክሽ በሞቴ» ነበር የምትዪው። አሁን ደግሞ ምን? «የግል ቅሬታን ወደ ጎን...»? ቆይ፣ ቆይ። ሳይከፋሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በተናገርሽ ቁጥር መጀመሪያ ጆሮሽን ወደ መጋረጃው የምትጥዪው ለምንድነው? ብርድ ገብቶበት ነው? ጥጥ ልስጥሽ?

ኧረ... ከመጋረጃው ሥር ጫማ ይታየኛል። እኔ ነኝ ዓይኔ የታመመ ወይስ አንቺም ታይዋለሽ? የተወለወለ ጫማ! በዚህ ጭቃ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የወለወለው? ደንበኛ ይሆናል። ውጭ ብርድ ላይ ቆሞ... ለሴት ቃል እያቀበለ? አላህ ይጠብቀን! ከመጋረጃ ኋላ? ሙልዬ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ቅሪት ይሆናል፤ ቀበሌ እንዳይሰማ! ሥራውን ግን ያውቅበታል። እኔ ያልኖርኩበት ሥራ አይደለምና ስህተቱን ልነግርሽ እችላለሁ፤ ሹክ ሲል ከራሱ ድምፅ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። የሚያቀብል ሰው ድምፁ መሰማት የለበትም። እንደሌለ መሆን አለበት። እሱ ነው ከባዱ።

አሁን ደህና አድርገሽ ስሚኝ፣ ቀልዱን እንተወው። ያቺ ሴትዮ ምን ትፈልግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ፎቶ አይደለም። ጋዜጣም ይቅርባት፤ ጋዜጣ ላይ ወጥታስ ማን ያያታል? ስኳርም አይደለም፣ ስኳር ብትወድም። አንድ ሰው መጥቶ ዓይኗን አይቶ «ነበርሽ» ቢላት ይበቃት ነበር። «ከኋላዬ ነበርሽ።» ካድሬው ፊት አይደለም፣ ሕዝብ ፊት አይደለም፤ እዚህ፣ በዚህ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል፣ ማንም ሳይሰማ። በሚስት አፍ ሳይሆን በራሱ አፍ። ያንን ቢላት ነገ ቅሪትነቷን ረስታ፣ ያበጠ ግንባሯን ይዛ፣ እየሮጠች ነበር የምትሄደው። እንዲህ ርካሽ ናት! በአንዲት ቃል የምትገዛ።

ቃሉም ከባድ አይደለም። የረሳ ሰው እንኳ ሊቀበለው ይችላል። እኔ ልጀምረው እችላለሁ፣ ለለመደ አፍ ምን አለው... ነ... በ... ርሽ። ሰማህ? ማለቴ... ሰማሽ ሙልዬ?

...

እየጠበቅኩ ነው። ምንም አይደል፣ እኔ ሥራዬ መጠበቅ ነው።

...

ጫማው ሄደ። ሙልዬ፣ ጫማው እኮ ሄደ። አይ፣ አትነሺ፣ አትከተዪው፤ ደንበኛ አይደለም እንዴ? ይሄዳል፣ ይመጣል። ከሌላ ሰፊ ጋ ይሄድ ይሆናል። አንቺ ምን አደረግሽ፣ አታልቅሺ። አንቺን ማን ተቀየመሽ? ነገም ናፍቄሽ ብትመጪ በሩ ክፍት ነው፤ ዶሮዋ ትነግርሻለች። ስኳሩን ግን አልመልስም፤ ቂል ነኝ እንጂ እብድ አይደለሁም።

እሺ፣ ሂጂ በቃ፣ ይመሽብሻል። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። የነገርኩሽ ወሬ እሱን የሚመለከት እንዳይመስለው፣ አደራሽን። እሱ የምወደው ሰው ነው፤ ዛሬ ሶላቴን ስሰግድም በስሙ ዱዓ አደርግለታለሁ። ነገ መድረኩ ላይ ሲወጣ አላህ ሞገስ ይስጠው። መላው ከተማ ዓይኑን እሱ ላይ ይትከልለት። አዳራሹ ጸጥ፣ ረጭ ይበልለት። ከፊቱ ያ የሚወደው ሰፊ ሕዝብ ብቻ ይሁን፤ ከኋላው ደግሞ... አንዲት ሹክሹክታ እንኳ አትረብሸው። አሜን በይ እንጂ ሙልዬ።